ልጅ ያቦካው
(ስለ ግሼ ራቤል ታዳጊዎች ሥራና በጎ ፈቃድ)

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ብዙዎቻችን ተሰድበንበታልም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቆም ብለን እንጠይቅ። በግሼም ሆነ በመንዝ፣ በአንድ የደጋ ገበሬ ቤት ማታ ምድጃ ዳር ለሚቀርበው እራት የደከመው ማነው? ኩበቱን ከሜዳ ለቅሞ ያመጣው ማነው? ውሃውን ከምንጭ የቀዳችው ማናት? ገብሱን ከጭላዳ ያስጣለው፣ በጎቹን ቆጥሮ በረት ያስገባው ማነው? አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ ነው። እራቱ የበቃው እኮ ልጅም ስላቦካ ነው! ተረቱ ግን ይህን አይቆጥርለትም።

ይህችን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነው። የታሪክ መጻሕፍታችን ለነገሥታት ዘመቻና ለመሳፍንት ጋብቻ ብዙ ገጽ ይሰጣሉ፤ ስለ ገበሬው ጥቂት ይላሉ፤ ስለ ገበሬው ልጅ ግን አንድ አንቀጽ ማግኘት ጭንቅ ነው። ከተጻፈለትም ወይ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ቁጥር ሆኖ፣ ወይ በረሀብ ዘመን በፎቶግራፍ ተነሥቶ ነው። ሠራተኛነቱ ተረስቷል። እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን ከዚያው ሜዳ የመጣን ነን፤ በግ ሳይጠብቅ እዚህ የደረሰ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ይዘን እንነሣ። አንደኛ፣ በራቤልና በአካባቢዋ ታዳጊ ልጅ ምን ይሠራ ነበር? ሁለተኛ፣ የድካሙ ዋጋ በማን እጅ ይገባ ነበር? ሦስተኛ፣ የሠራው ወዶ ነው ወይስ ታዝዞ?

ራቤል በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳውን በደቡብ መንዝ ጌራ፣ በምሥራቅ አንጾኪያና ገምዛ፣ በሰሜንና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ያዋስኑታል። አገሩ ውርጭ የሚመታው ደጋ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን ወደ ቆላ የሚወርድ ገደል ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ይዘራል። የበልግ ዝናብ ከቀረ ጎተራው ይራቆታል። እንጨት ብርቅ ስለሆነ የሚነደው ኩበት ነው። በዚህ አገር ከእርሻው እኩል ቤት የሚያቆመው በግ ነው፤ በግ ደግሞ ያለ ልጅ አይሆንም።

እረኝነት የሚጀመረው በሰባት በስምንት ዓመት ነው። መጀመሪያ ግልገል፣ ቀጥሎ በግ፣ ቀጥሎ የጋማና የቀንድ ከብት ይታመንበታል። አሥራ ሦስት አሥራ አራት ሲሞላው ሞፈር ቢጨብጥም ከእረኝነቱ ገና አልወጣም። እረኝነት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ቀበሮ ግልገል ይጠልፋል፤ ጭላዳ ከገደሉ አፋፍ ወጥቶ ገብሱን ይወርራል፤ ጉም ይወርድና መንጋው ከዓይን ይሰወራል። ልጁ ወንጭፉንና ጅራፉን ይዞ ከማለዳ እስከ ማታ የሚውለው ከዚህ ጋር ሲታገል ነው። ሴት ልጅም ብትሆን አርፋ አትቀመጥም፤ ውሃ መቅዳት፣ ኩበት መጠፍጠፍ፣ ቆሎ መቁላት፣ ታናናሾቿን ማዘል፣ ወንድ ልጅ ከሌለም በግ መጠበቅ የእርሷ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ውስጥ ተቀምጦ አጥንቶ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም፣ የአማራ ገበሬ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ታዛዥነትን እንደሆነ ጽፏል። እኛም ቢሆን መጽሐፉን ከማንበባችን በፊት እናውቀው ነበር፤ «አቤት!» ማለትን ከፊደል በፊት ነው የተማርነው።

ታዲያ ደመወዙ ምን ነበር? ገንዘብ አልነበረም። ግን ምንም አልነበረም ማለት አይደለም። ለልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ዶሮ ነው። ዶሮዋ ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች፤ እንቁላሉና ቄቡ ገበያ ይወጣል፤ ከዚያ ግልገል ይገዛል። ወይም አባት፣ አያት፣ የክርስትና አባት «ይቺ ግልገል ያንተ ናት» ይላል። ግልገሏ ስታድግና ስትወልድ ልጁ «የኔ» የሚለው ነገር አለው። የሌላ ሰው በግ በየርቢ ወስዶ የሚጠብቅ ቤተ ሰብም ከሚወለደው ይካፈላል፤ የሚጠብቀው ግን ያው ልጁ ነው። የደሀ ልጅ ሲሆን ደግሞ ሀብታም ቤት እረኛ ሆኖ ይቀጠራል፤ ቀለቡን እየበላ፣ ልብስ እየተቆረጠለት፣ በዓመቱ ደግሞ እህል ወይም በግ ይሰጠዋል። ብዙውን ጊዜ የዓመቱን ዋጋ የሚቀበለው አባቱ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የገዛ ቤቱ እረኛና የሰው ቤት እረኛ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ አንደኛው ሀብት ሲያጠራቅም ሌላኛው ሆዱን ብቻ ይሞላል።

ከዶሮውና ከግልገሉ በላይ ግን አንድ ትልቅ ደመወዝ ነበረ፤ ርስት። መንዝና ግሼ የርስት አገር ነበሩ። ልጅ በእናቱም በአባቱም በኩል ወደ አቅኚው አባት እየቆጠረ መሬት ይካፈላል። ዛሬ ለአባቱ የሚደክመው ነገ ራሱ የሚያርሰውን ነው። ለአቅመ አዳም ሲደርስ ጎጆ መውጫ ይሰጠዋል፤ በሬ፣ በግ፣ እህል፣ ቁራሽ መሬት። ስለዚህ በልጅና በወላጅ መካከል ያልተጻፈ ውል ነበረ ማለት ይቻላል፤ «አሁን ታዘዘኝ፤ ኋላ አቋቁምሃለሁ» የሚል። ውሉ ሁልጊዜ አይከበርም ነበር፤ በርስት ክርክር ያልተካሰሰ ቤት ስንቱ ነው? ቢሆንም ውሉ ነበረ፤ የልጁን ድካም ትርጉም የሚሰጠውም እርሱ ነበር። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

በጉ ሥጋና ግልገል ብቻ አልነበረም የሚሰጠው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ይሸለታል፤ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ጥቁር የመንዝ በርኖስ ከደጋው አልፎ በሸዋ ሁሉ የታወቀ የክብር ልብስ ነበር። ፈትሉ የሴቶች ሥራ ስለነበረ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዝርት ይዛ ከእናቷ አጠገብ ትቀመጣለች። እዚህ ላይ ግፉን መደበቅ አይገባም። ባናው ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ፈታይዋ ልጅ ስሟ አይነሣም። ደግሞም ሸማኔነት በአገራችን የተናቀ ሙያ ስለነበረ እጁ የሚያውቅ ልጅ እንኳ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። በእጅ ሥራ የሚገኝን ገንዘብ እያፈርንበት መኖራችን አገራችንን ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንዳስቀረ አንባቢ ይፍረድ።

ከራቤል በስተ ደቡብ፣ በመንዝ ጌራ በኩል፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የጓሳ መሬት ይገኛል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ያገለግላል። ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው የአካባቢው ባለ ርስት ራሱ ያቆመው ሕግ ነው፤ አለቃ ይመረጣል፣ መሬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ በታወቀ ቀን ይከፈታል። በመክፈቻው ወራት ልጆች አህያ እየነዱ ነዶ ያመላልሳሉ፤ ገመድ መግመድ፣ ገሳ መስፋት ይማራሉ። ከሁሉ በላይ የሚማሩት ግን አለመንካትን ነው። ሲዘጋ ማንም አይገባም፤ የራስህም በግ ቢሆን። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህም ጥበቃ አብሮ ፈረሰ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ በአዲስ መልክ አቋቁሞት ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። በጎ ፈቃድ ከፈረንጅ የመጣ ቃል ለሚመስለው ሁሉ መልሱ ይኸው።

ስለ በጎ ፈቃድ ካነሣን ደቦንና ወንፈልን መዝለል አይቻልም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ። ደቦ ደግሞ ባለ ቤቱ ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ የሚጠራው ነው። አቅም ለሌላት መበለትና ለታመመ ጎረቤት ሲሆን ግን ሰው ብድሩንም ድግሱንም ሳይጠብቅ ይወጣል። ልጆችም የራሳቸው ወንፈል ነበራቸው፤ የእረኛ ተራ። ሦስት አራት ቤት መንጋውን ያቀላቅልና ልጆቹ በየተራ ይጠብቃሉ። ተራው ያልሆነው ልጅ ያን ቀን ነፃ ነው። ይህቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ኋላ ትምህርት ቤት ሲመጣ ስንቱን ልጅ ፊደል ያስቆጠረች እርሷ ናት። ያለ ተራ እረኝነት የገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት አይውልም ነበር።

ልጆች በራሳቸው ማኅበር፣ በራሳቸው ድምፅ የሚያገኙት ገቢም ነበረ። የነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ ወንዶቹ ጅራፋቸውን እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ሙልሙል ይሰበስባሉ። አውጪ አለ፤ ተቀባዮች አሉ፤ የተገኘውን የሚሸከም የታመነ ልጅ አለ፤ በመጨረሻም ክፍፍል አለ። በክፍፍሉ ያጭበረበረ በሚቀጥለው ዓመት ከቡድኑ ይወጣል። በእንቁጣጣሽ ደግሞ ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው አበባየሁ ወይ ይላሉ። ይህ ልመና አይደለም፤ ዘፍኖ፣ አመስግኖ፣ መርቆ የሚያገኙት ዋጋ ነው። ሒሳብና ሐቀኝነትን የተማርነው በዚያች የሙልሙል ቁምጣ ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የቆሎ ተማሪም አለ። አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ አገር ለአገር ዞሮ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚማር ልጅ። ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ጎጆውን ራሱ ይሠራል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ቁራሹን ግን ለታመመ ጓደኛው ያካፍላል። ይህ ሥርዓት የራሱ ጭካኔ ነበረው። ሆኖም አንድ እውነት ይነግረናል፤ ገበሬው ከጎደለው ሌማት ቆርሶ የማያውቀውን የሰው ልጅ አስተምሯል። የአገሪቱን ጸሐፊና ሊቅ ለብዙ መቶ ዓመታት ያፈራው የመንግሥት በጀት አልነበረም፤ የሴቶች ሌማት ነበር።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ የልጁ ቀን ለሁለት ተቀደደ። ግማሹ የመምህሩ ሆነ፤ ግማሹ የበጉ። ደብተርና እስክሪብቶ ደግሞ በገንዘብ ነው የሚገዛው፤ በገብስ አይመነዘርም። ያኔ ነው እንቁላሉ ወደ ደብተር መለወጥ የጀመረው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ ለትምህርት የሚመጣ ልጅ ሦስት አራት ሆኖ አንድ ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ አገር ቤት ሄዶ ስንቁን፣ በሶውንና ዳቦውን ተሸክሞ እሑድ ማታ ይመለሳል። ስንቁ ሲያልቅና የኪራይ ቀን ሲደርስ በገበያ ቀን እህል ይሸከማል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ለግንብ ሠሪ ጭቃ ያቀብላል። ልጃገረዷ ጠላ ቤት እንስራ ታጥባለች፤ እንጀራ ትጋግራለች። ይህ ታሪክ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ውስጥ ጀርባው አሁንም የጆንያውን ክብደት የሚያስታውስ አለ።

አሁን ደግሞ ወደ ታላላቆቹ ዘመቻዎች እንለፍ፤ የእኛን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ታሪክ የሚነካው እዚህ ላይ ነውና። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹ መምህራን ሆኑ። ግዴታ ነበር፤ ሆኖም ከተማ ያደገው ተማሪ የገበሬውን ጎጆ ያየው በዚያ ነው። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ፤ ከ11ኛ ክፍል በላይ ያለው ተማሪና መምህሩ፣ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው፣ በየገጠሩ ተሰማራ። የካቲት 25 ቀን የመሬት አዋጅ ታወጀ፤ ዘማቹም የገበሬ ማኅበር አደራጀ፣ ፊደል አስቆጠረ፣ ጉድጓድ ቆፈረ። ብዙው በእምነት ሄደ፤ ብዙው ደግሞ ካልዘመተ እንደማይማርና ሥራ እንደማያገኝ ስለተነገረው ሄደ። ከባለ ሥልጣን ጋር ተጣልቶ የታሰረም፣ ከገጠር ያልተመለሰም አለ። በፈቃድና በትእዛዝ መካከል ያለው መስመር ከዚያ ወዲህ በአገራችን ጠርቶ አልታየም።

ታዳጊው ልጅ በገፍ የገባበት ግን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ መጀመሪያ በከተሞች፣ ቀጥሎ በገጠር። ኋላ በ15 የብሔረሰብ ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ለዘመቻው የዩኔስኮ የማይምነት ማጥፊያ ሽልማት ተሰጠ። ከአብዮቱ በፊት ከአሥሩ ኢትዮጵያዊ ዘጠኙ ማንበብ አይችልም ነበርና ሥራው ቀላል አልነበረም። ያን ጊዜ የሆነውን አስቡት። አንድ ያልጎለመሰ ተማሪ በኩራዝ ብርሃን፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ አባቱ የሚያህሉ ሰዎችን «ሀ በሉ» ይላል። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ለመሳለቂያ የተፈጠረ ነው፤ በ1970ዎቹ ግን ልጅ ለእናቷ ፊደል አስተማረች። ተረቱ ተሸነፈ።

እዚህ ላይ የኩባን ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። በ1961 እ.ኤ.አ. በኩባ በተደረገው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከ100,000 የሚበልጡ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ከአሥር እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሉ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶላቸው ፋኖስና መጽሐፍ ይዘው ገጠር ገቡ። ቀን ከገበሬው ጋር እየሠሩ ማታ አስተማሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 700,000 ሰው ማንበብና መጻፍ ቻለ። ሁለቱም መንግሥታት ዘመቻውን ለራሳቸው ፖለቲካ ተጠቅመውበታል፤ ይህ አይካድም። ሊካድ የማይገባው ሌላው ነገር ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ሥራውን ካመኑበትና መሣሪያውን ከሰጡት፣ ሙሉ መምህር መሆን መቻሉ ነው። በአገራችን ብዙው አዲስ አንባቢ ኋላ ፊደሉን የረሳው መምህሩ ልጅ ስለነበረ አይደለም፤ ዘመቻው ሲያልፍ የሚነበብ ነገር አብሮት ስላለፈ ነው።

የከተማውንም እንይ። ከደጋው ወጥቶ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የሚገባ ልጅ የሚጠብቀው ሥራ የታወቀ ነው፤ ሊስትሮ፣ ሎተሪ ማዞር፣ ጋዜጣ መሸጥ፣ ሸክም፣ ከዚያም ወያላነት። ሊስትሮ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም ለስንት እግር አዲስ እንጀራ ከፈተ! ልጃገረዷ ግን ብዙውን ጊዜ ከበር ውስጥ ናት፤ የቤት ሠራተኛ። ሊስትሮው ቢያንስ ሳንቲሙን በእጁ ይይዛል፤ ማታ የምሽት ትምህርት የሚገባም አለ። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ግን ባመጣት ዘመድ በኩል ሲተላለፍ የሚቀረው ይቀራል፤ የሥራዋ መጨረሻ ሰዓት የለውም። ታሪኳን የሚጽፍም አልተገኘም።

ሕጉ ምን ይላል? በእንግሊዝ አገር በ1833 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋብሪካ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይቀጠሩ ከለከለ፤ እስከዚያ ድረስ ይቀጠሩ ነበር ማለት ነው። በእኛ አገር የ1985 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 14 አደረገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ወደ 15 ከፍ አደረገው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ በሌሊት ሥራ እንዳይሰማራ ደነገገ። ኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138ም ጤናንና ትምህርትን የማይጎዳ ቀላል ሥራ ለታዳጊ የተፈቀደ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። መልካም ነው። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚያውቀው የሥራ ውል ያለውን ነው። ግሼ ተራራ ላይ በጉም ውስጥ የቆመውን እረኛ ማን ተቆጣጣሪ ሄዶ ያየዋል?

አሁን ወደ ተውነው ነገር እንመለስ። «አሁን ታዘዘኝ፤ ኋላ አቋቁምሃለሁ» የሚለው ውል ፈርሷል። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሲሆን የገበሬ ማኅበሩ አከፋፋይ ሆነ፤ ጭሰኛ ለነበረበት አገር ትልቅ ነፃነት ነበር፤ በርስት አገር ግን አባት ለልጁ የሚያወርሰውን የመቁረጥ ሥልጣኑን አጣ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ እንደገና ተከፋፈለ፤ ያን ጊዜ ሕፃን የነበረና ከዚያ በኋላ የተወለደ ግን ተራው አልደረሰውም። የዛሬ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አባቱ ራሱ ከአያቱ ቁራሽ ላይ የተቆረሰች ቁራሽ የሚያርስ ነው። ስለዚህ ልጁ እንደ ድሮው በግ ይጠብቃል፤ እንደ ድሮው ኩበት ይለቅማል፤ በመጨረሻ የሚጠብቀው መሬት ግን የለም። ሥራው አልተለወጠም፤ ደመወዙ ነው የጠፋው! ልጆቹ ወደ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እርሻ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ዐረብ አገር የሚያማትሩት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ሒሳቡን ስላወቁት ነው።

ትምህርት የጠፋውን ርስት ይተካል ተብሎ ነበር። ይተካል ብለን እኛም እዚህ ተቀምጠናል። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሰነበቱ። ክፍሉ የተዘጋበት ልጅ ሜዳውን ያውቀዋል፤ ወደ በጉ ይመለሳል። ወይም ሌላ የሚጠራው ያገኛል።

እንግዲህ ምን ይሁን? ታሪኩ ራሱ ጥቂት ነገር አስተምሮናል። ልጅ ፈጽሞ አይሥራ የሚል ሰው ደጋውን አያውቀውም። ልጅ ዝም ብሎ ይሥራ የሚል ደግሞ ልጁን አያውቀውም። ከላይ ያየናቸውን አንድ በአንድ ስንመዝናቸው መልካሞቹ ሦስት ነገር አላቸው። ግልገሏ፣ ዶሮዋና ሙልሙሉ የልጁ የራሱ ነበሩ፤ ዋጋው በእጁ ገባ። የእረኛ ተራ ለትምህርት ቀን ተወለት። ቡሄና ደቦ ደግሞ በፈቃድ ነበሩ። ክፉዎቹ እነዚህ የጎደሏቸው ናቸው፤ ደመወዙ ለአባቱ የሚከፈል ቅጥር እረኛ፣ ስሟ የማይነሣ ፈታይ፣ ሌሊት የምትሠራ የቤት ሠራተኛ።

ስለዚህ ለራቤል ታዳጊ አዲስ ተአምር መፈለግ አያስፈልግም። ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮ ለአንድ ልጅ የደብተር ወጪ ይደርሳሉ። በርቢ ሳይሆን በራሱ ስም የተያዘች አንዲት በግ ደልባ ለፋሲካ ብትሸጥ የአንድ ወሰነ ትምህርት ኪራይ ታግዛለች። የችግኝ መደብ ከትምህርት በኋላ ባለች አንድ ሰዓት ይጠጣል። ባናና ገሳ መሥራት ነውር መሆኑ ቀርቶ የፈተለችው ልጅ ዋጋዋን በእጇ ብትቀበል ፈትል መልካም ሥራ ነው። በበጎ ፈቃድም ቢሆን እርከን መሥራትና ችግኝ መትከል አለ፤ ነገር ግን ችግኝ መትከል ለአንድ ቀን ሰልፍ ከሆነ በግ ይበላዋል። የተከለው ልጅ ሁለት ክረምት እንዲጠብቀው ይሁን፤ ጓሳን ያቆየው መትከል ሳይሆን መጠበቅ ነውና።

ለእኛ ለተማሪዎቹ ደግሞ የቀረ የቤት ሥራ አለብን። ክረምት ሲመጣ አገር ቤት እንገባለን። ሁለት ወር ቆሎ እየበላን፣ ስለ ፖለቲካ እያወራን፣ በታናናሾቻችን የተጋገረ እንጀራ እየበላን እንመለሳለን። «ምሁር ነው፤ አይነካ» እየተባለ እንቀመጣለን። ማንም አላዘመተንም፤ ካልዘመትን ምስክር ወረቀት አንነፈግም። የ1967ቱ ዘማች ያላገኘው ይህን ነበር፤ ሳያስገድዱት የመሄድ ነፃነት። እኛ አግኝተነው ምን አደረግንበት? ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ሰፈር አምስት ልጆች ሰብስቦ ሒሳብና ንባብ ማስተማር ሰሌዳ እንኳ አይፈልግም። ጠዋት በጎቹ ከመውጣታቸው በፊት ወይም ማታ ከገቡ በኋላ ቢሆን ደግሞ ከእረኝነቱም ጋር አይጣላም። ልጁ በጉን ማን ይጠብቅልኝ ካለ ግን መልሱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ተራ ይግቡ። እኛም ተራ እንግባ።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለውን ተረት አባቶቻችን ሲሉት ሊጥ ለማዳን ይሆናል። እኛ ግን በዚያ ሊጥ አድገናል። ያቦካውን ልጅ ስም ጠርቶ ማመስገን፣ ድርሻውን በእጁ መስጠት፣ ቀኑንም መመለስ የበላው ሰው ግዴታ ነው።